ክርክር፦ ልጆቻችንን እያስቆመ የሚፈትሽ ፖሊስ ሰላም ያመጣል?

እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2019 ቂርያት ሃይም፣ እስራኤል ውስጥ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ ፖሊስ ተኩሶ ወጣቱን ሰለሞን ተካን ገደለ። እንደ እሱ ቤተ እስራኤል (ከኢትዮጵያ የመጡ አይሁዶች) የሆኑ ወጣቶች በቁጣ አውራ ጎዳናዎችን ዘጉ፣ መኪኖች ተቃጠሉ፣ ከ100 በላይ ፖሊሶች ተጎዱ። ፖሊስ ሰፈራችንን እንዴት ይጠብቅ በሚለው ላይ ሁለት ቤተ እስራኤላውያን ዛሬም አይስማሙም።

የሬሆቮቷ እናት፦ ጋሼ፣ እርስዎ ሁሌ ከተቃጠለው መኪና ነው የሚነሱት። እኔ ከልጄ ልነሳ። 16 ዓመቱ ነው። ፓርክ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ሱፍ እየቆረጠመ ሳለ ሁለት ፖሊሶች መጡ። አምስት ነበሩ፣ መታወቂያ የተጠየቁት ግን ሦስቱ ጥቁሮች ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከቤት ሲወጣ ከቁልፉ በፊት መታወቂያውን ነው የሚፈልገው። በቀደም ሌቦች ስልኩን ቀምተውት ፖሊስ እንጥራ ስለው «መጥተው እኔኑ ነው የሚይዙኝ» ብሎ እምቢ አለኝ። የተዘረፈ ልጅ ፖሊስ ከፈራ የቱ ጸጥታ ነው የተጠበቀው?

የአሽዶዱ አዛውንት፦ ልጄ፣ ያንቺ ልጅ የኔም ልጅ ነው። ግን በተቃውሞው ዕለት ማታ ባለቤቴን ከኩላሊት እጥበት ስመልስ መንገድ ተዘግቶ መኪና ውስጥ አራት ሰዓት ተቀመጥን። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። እሷ ምን በደለች? በ1984 በሱዳን በረሃ በእግሬ የመጣሁት መንገድ ሲነድ ለማየት አይደለም። ደግሞ ከሕንጻችን ደረጃ ሥር ዕፅ ይሸጣል። ፖሊስ ከሰፈራችን ቢወጣ መጀመሪያ የምንጎዳው እኛ ሽማግሌዎቹ ነን።

እናት፦ ይውጣ መች አልኩ? በ2015 ሆሎን ውስጥ ፖሊሶች የኛን ልጅ ሲደበድቡ በካሜራ ታየ፤ ልጁ የሠራዊቱን ልብስ የለበሰ ወታደር ነበር። በ2016 ደግሞ የፖሊስ አዛዡ ሮኒ አልሼክ ፖሊስ ኢትዮጵያዊውን አብልጦ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው አሉ። አለቃው እንዲህ ካሉ ፓርክ ውስጥ ያለው ፖሊስ ምን ይማራል?

አዛውንት፦ የወታደሩን አልክድም፣ አሞኛል። ልጆቻችን ራሳቸው ፖሊስ ይሁኑና ከውስጥ ያስተካክሉት ነው የምለው።

እናት፦ ይግቡ። እስከዚያስ? ደረጃዎ ሥር ማን እንደሚሸጥ የሰፈሩ ልጆች በስም ያውቃሉ፣ ግን ማንም አይናገርም።

አዛውንት፦ እኔ ደውዬ ተናግሬያለሁ።

እናት፦ መጡ?

አዛውንት፦ መጡ። ዳቦ ገዝቶ የሚመለሰውን የጎረቤቴን ልጅ ፈትሸው ሄዱ። ቢሆንም ነገም እደውላለሁ፣ ሌላ ማንን ልጥራ?