ዘሩ ከውጭ ቢመጣስ?

የምንጃር ሽንኩርት በስሙ ተመዝግቦ ጥበቃ ይደረግለት ብለው ለጠየቁ ገበሬዎች አንድ የግብርና ኃላፊ ሰሞኑን የሰጡት መልስ ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። የምትዘሩት ቦምቤይ ሬድ የተባለው የሽንኩርት ዝርያ ነው፣ ዘሩ የውጭ ነው፣ የራሳችሁ ያልሆነውን እንዴት በስማችሁ ታስመዘግባላችሁ አሏቸው። አዳራሹ ዝም አለ። እኔ ዝም አልልም።

ነገሩ በዘር የሚዳኝ ከሆነ ኃላፊው ፈረንሳይ፣ ብሪታኒ ያለችውን ሮስኮፍን ይመልከቱ። የሮስኮፍ ሽንኩርት ዘር በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሊዝበን በተመለሰ መነኩሴ እጅ እንደገባ የሚተርኩት ራሳቸው ሮስኮፎች ናቸው፤ አያፍሩበትም። ሽንኩርቱን ጎንጉነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1828 ጀምሮ ባሕር እየተሻገሩ እንግሊዝ አገር በየደጃፉ ሸጡት። እ.ኤ.አ. በ2009 መንግሥታቸው፣ በ2013 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ስሙን ጠበቀላቸው። ዛሬ እዚያ ያንኑ ዘር ሌላ ቦታ ዘርቶ «የሮስኮፍ ሽንኩርት» ብሎ የሚሸጥ በሕግ ይጠየቃል። ዘሩ የፖርቱጋል ነውና ስሙን መልሱ ያላቸው የለም። የተጠበቀው ዘሩ አይደለማ! የተጠበቀው አፈሩ፣ የባሕሩ አየርና የገበሬው እጅ ነው።

የምንጃር ገበሬ እጅስ ምን አነሰው? ወንዝ በራቀው አገር የክረምቱን ጎርፍ ፕላስቲክ ባነጠፈበት ኩሬ ያጠራቅማል። በዚያችው ውሃ ችግኙን ያፈላል፣ ዝናቡን ጠብቆ ወደ ማሳው ያዛውራል። ሴቱም ልጁም ጎንበስ ብሎ እያንዳንዷን ችግኝ በጣቱ ይተክላል። ይህ ሁሉ ከቦምቤይ በዘር ጣሳ ታሽጎ መጣ ሊሉን ነው?

ስም ምን ይሠራል የሚል ካለ ጤፋችንን ይይ። አዲስ አበባ እህል ቤት ገብቶ «የምንጃር ማኛ ነው» ያልተባለ ማን አለ? ያ ሁሉ ጆንያ ከምንጃር አልወጣም። ነጋዴው በስሙ ዋጋ ይጨምርበታል፤ ስሙን ያስገኘው ገበሬ ከጭማሪው ሳንቲም አያይም። ሽንኩርቱም መንገዱ ያው ነው፤ ደላላው ማሳ ድረስ መጥቶ በራሱ ዋጋ ጭኖ ይሄዳል፣ አትክልት ተራ ሲደርስ ከየት እንደመጣ የሚጠይቀው የለም።

ሽንኩርት ቶሎ ይበላሻል፣ የተመዘገበ ስም መጋዘን አይሆንም፤ ይህን እቀበላለሁ። ግን አገራችን ስለ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር ቡና ስሞች ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ1999 ዓ.ም. የተስማማችው ስለ መጋዘን አልነበረም፣ ስለ ስም ነበር። ለቡና ያኮራን ክርክር ለሽንኩርት ሲሆን ለምን ያሸማቅቀናል? የንግድ ምልክት አዋጁ፣ ቁጥር 501/1998፣ ማኅበር ለአባላቱ የጋራ ምልክት እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል። ገበሬዎቹ የጠየቁት ይህንኑ ነው። ኃላፊው ማመልከቻውን አብረዋቸው ይጻፉ፤ ያንን መልሳቸውንም እዚያው አዳራሽ ተመልሰው ያንሱ።