ለነርሲንግ ትምህርት ከመክፈላችሁ በፊት

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ሌሊቱን አረጋውያን ሲያገላብጡ የሚያድሩ ኢትዮጵያውያን ሲኤንኤዎችን (ረዳት ነርሶችን) ብዙ አውቃለሁ። «አርኤን (የተመዘገበ ነርስ) መሆን እፈልጋለሁ፤ ግን ባችለር አራት ዓመት ነው፣ ልጆቼን ማን ይይዝልኛል?» ይላሉ። ይህን ጭንቀት የሚያውቁ «ቶሎ ትጨርሳላችሁ» ባይ ትምህርት ቤቶች ይመጣሉ፤ የዕቁቡ ብር እዚያ ይገባል።

ባችለሩን መያዝ ይገባል እላለሁ፤ ግን በአንድ ትንፋሽ መሆን የለበትም። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (በአካባቢው የሕዝብ ኮሌጅ) የሁለት ዓመቱን የነርሲንግ ዲግሪ የጨረሰ ሰው ከባችለር ተመራቂው ጋር ያንኑ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስነት ፈቃድ ፈተና ተፈትኖ ያንኑ የአርኤን ፈቃድ ያገኛል። ቅድመ ትምህርቶቹ ሲታከሉ ጊዜው ከሁለት ዓመት ቢያልፍም፣ ባችለሩን እንደ አርኤን እየሠሩ፣ በኦንላይን መጨረስ ይቻላል። ከክፍያው የሚደጉሙ ቀጣሪ ሆስፒታሎችም አሉ።

«ፈቃዱ አንድ ከሆነ ባችለር ለምኔ?» ለሚሉኝ መልሴ ታካሚው ነው። የነርሲንግ ተመራማሪዋ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በአውሮፓውያኑ 2003 ያሳተሙት ጥናት 168 የፔንስልቬንያ ሆስፒታሎችን ተመልክቷል። ባችለርና ከዚያ በላይ ያላቸው ነርሶች ድርሻ 10 በመቶ ከፍ ባለበት፣ የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች የመሞት ዕድል 5 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ኒውዮርክም በ2017 ባወጣችው ሕግ አዳዲስ አርኤኖች በ10 ዓመት ውስጥ ባችለር እንዲይዙ ታዛለች።

የሚያስፈራኝ አቋራጩ ነው። በጥር 2023 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር 25 ሰዎችን መክሰሱን አስታወቀ፤ ፍሎሪዳ ውስጥ ከነበሩ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት ተሽጦ ነበር። ከገዢዎቹ ኤንክሌክስን አልፈው ሥራ የያዙ ነበሩ። የሰው ነፍስ በእጁ ላለ ሰው ይህን ይቅር ለማለት ይከብደኛል።

ሐሰተኛ ያልሆነ ትምህርት ቤትም ቢሆን ይመርመር። የሜሪላንድም የቨርጂኒያም የነርሲንግ ቦርድ የየትምህርት ቤቱ ተመራቂዎች ኤንክሌክስን በመጀመሪያ ሙከራ ስንት በመቶ እንዳለፉ በድረ ገጹ ያወጣል፤ እሱን እዩ። ከዚያ ባችለር ልትቀጥሉበት ወዳሰባችሁት ዩኒቨርሲቲ ደውላችሁ «የዚህን ትምህርት ቤት ክሬዲት ትቀበላላችሁ?» በሉ። ጎረቤቴ ይህን ሳትጠይቅ ለአንድ የግል ትምህርት ቤት ያጠራቀመችውን ከፈለች፤ ክሬዲቷን የሚቀበላት አጣች። ዘንድሮ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አናቶሚን ከመጀመሪያው ጀምራለች።