ዶቦኩ ተገዝቷል፣ የቀረው ራስን መግዛት ነው

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ዘንድሮም በሰላም ጠብቷል፤ ምስጋና ለቴኳንዶ የዓመት ዕቅድ አውጪዎቻችን! ከስታዲየም ዙሪያ ነጭ ዶቦክ (የቴኳንዶ ልብስ) ገዝተው፣ የእጥፋቱ መስመር ሳይለቅ አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ ብለው፣ ማኪያቷቸውን ፉት እያሉ ግብ ሲጽፉ ማየት ብቻውን ያልባል።

ግባቸው እንደ ወኔያቸው ነው፦ «ዘንድሮ ጥቁር ቀበቶ!» ከነጭ ተነሥቶ በቢጫ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊና በቀይ አልፎ ጥቁር ለመድረስ 10 የጉፕ ደረጃ (ከጥቁር ቀበቶ በፊት ያለው እርከን) መኖሩ፣ ሳያቋርጥ ለሚሠራ ሰው እንኳ 3 ወይም 4 ዓመት መፍጀቱ የተራ ሰው ወሬ ነው። ቀበቶ የሚሰጠው ፈታኙ ነዋ! በራስ እጅ የሌለን ነገር ግብ ማድረግ ጥበቡ እዚህ ላይ ነው፤ ሳይሳካ ሲቀር ጥፋቱ የማስተሩ ይሆናል።

ከዚህም የሚበልጥ አለ፤ «ራሴን እገዛለሁ» የሚለው። በአይቲኤፍ (በዓለም አቀፉ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን) ቴኳንዶ ራስን መግዛት ከትሕትና፣ ከታማኝነት፣ ከጽናትና ከማይበገር መንፈስ ጋር ከአምስቱ መርሆዎች አንዱ ስለሆነ፣ ግቡ ላይ አፍ የሚከፍት አይገኝም። ዋናው ውበቱ ግን አለመቆጠሩ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ «ስንት ራስ ገዛህ?» ብሎ የሚያፋጥጥ የለም።

እንደ ባለሱቅ ደብተር ይዘው የሚዞሩ ምስኪኖችም አልጠፉም። «ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሥልጠናው ሊጀመር 10 ደቂቃ ሲቀረው እደርሳለሁ። ስልኬ ከቦርሳ አይወጣም። ቾን ጂን በየቀኑ 2 ጊዜ እሠራለሁ። ሲያርሙኝ ምክንያት አልደረድርም።» ይኼም ግብ ሆኖ! ቾን ጂ እኮ የጀማሪ ፓተርን (በቅደም ተከተል የሚሠራ የእንቅስቃሴ ስብስብ) ናት፤ 19 እንቅስቃሴ፣ ሁለቴ ቢመላለሱባት 5 ደቂቃ አትፈጅም። እነሱ ግን በሠሩ ቁጥር ጭረት ያሰምራሉ። በሳምንት 3 ቀን፣ በ52 ሳምንት 156 ሥልጠና ብለው ያሰሉና ለሕመም፣ ለሠርግና ለለቅሶ 16ቱን ቀንሰው 140 ላይ ይቆማሉ። ለቅሶን አስቀድሞ በዕቅድ መያዝ፣ ምን የሚሉት ሟርት ነው?

ጀግኖቻችን እንዲህ አይወርዱም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መስቀል አደባባይ፣ ሰባቱንም ቀን፣ 200 ፑሽ አፕ! 11 ሰዓት ለመነሣት ማታ 3 ሰዓት መተኛት እንደሚያስፈልግ ዕቅዱ አይጠቅስም፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቲክቶክ ገና እየሞቀ ነው። በአደባባዩ ግን የሚሞቅ ነገር የለም። 10 ደቂቃ ሶምሶማ ለፈሪ ነው ተብሎ ከአልጋ በቀጥታ እግርን እስከ መሬት ከፍቶ ስፕሊት ይወረዳል። ያልሟሟቀ ጡንቻ በጉልበት ሲጎተት የጭን ጀርባ ቀጭ ይላል፤ የሳምንታት እረፍት በነፃ ተገኘ ማለት ነው። እግሩ የተረፈለትም ቢሆን ያለ እረፍት ቀን በሁለተኛው ሳምንት ትከሻውን ማንሣት ያቅተዋል።

ደግነቱ መስከረም 16 አደባባዩ ለደመራ ይያዛል። ከዚህ የተሻለ ሕጋዊ ፈቃድ ከየት ይመጣል? ማግስቱ መስቀል ነው፤ ከዚያ ክትፎው፣ ከዚያ «ከሰኞ ጀምሮ»። የትኛው ሰኞ እንደሆነ አይጻፍም፤ ይህም አይቆጠርም።

ጥቅምት ሲገባ ደንገጥ የሚል ካለ ይረጋጋ። ታኅሣሥ ላይ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት አለልን። ዶቦኩ እንደሆነ የእጥፋቱ መስመር አልለቀቀም።