እ.ኤ.አ. በ1940 ሥዕሉ የት ነበር?

ስለ ኪዩቢስት ሥዕሎች (ነገሮችን በማዕዘናዊ ቅርጾች ከፋፍለው ስለሚያሳዩ ሥዕሎች) ያወጣችሁት ጽሑፍ የባለቤትነት ታሪካቸው ዋጋቸውን ከፍ እንደሚያደርግ ይነግረናል። ልክ ነው፤ ግን ዋናውን ነገር ዘሎታል። ባለቤቱ ተዘርፎ ከሆነስ?

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፈርናን ሌዤ እ.ኤ.አ. በ1911 የሳለውን፣ ከፓሪስ ጣሪያዎች በላይ ጭስ የሚታይበትን ሥዕል እንውሰድ። የአልፎንስ ካን ነበር። ካን አይሁዳዊ የሥዕል ሰብሳቢ ነበር፤ ፓሪስ አጠገብ ያለው ቤቱ በሥዕል የተሞላ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳይጀመር ወደ ለንደን ሄደ። በ1940 ናዚዎች ቤቱን ሙልጭ አድርገው ዘረፉት። ሥዕሉ ከጦርነቱ በኋላ ኒው ዮርክ ተሸጠ፤ በ1961 ደግሞ በገዢው ኑዛዜ አሜሪካ ያለው የሚኒያፖሊስ ሙዚየም ገባ። ሕዝቡ ለዓመታት አየው፤ ማን እንደተነጠቀ ግን ማን ጠየቀ?

የካን ወራሾች በ1997 ጥያቄ አቀረቡ። ሌዤ ጭስና ጣሪያን ደጋግሞ ስለሳለ የካን የትኛው እንደነበር መለየት ቀላል አልነበረም። ሙዚየሙ የመለሰው በ2008 ነው። አሥራ አንድ ዓመት! ካን ራሱ በ1948 ለንደን ውስጥ አርፏል፤ አላየውም። ቢዘገይም ሙዚየሙ መመለሱን በጣም አከብራለሁ።

እባካችሁ፣ ቀጣዩን ጽሑፍ ስትጽፉ ናዚዎች ጀርመንን በገዙበት ዘመን፣ ከ1933 እስከ 1945፣ ሥዕሉ በማን እጅ እንደነበር አብራችሁ ንገሩን።