«ሽማግሌ ለማጠብ ምን ትምህርት ያስፈልጋል?» ላሉት

ባለፈው እሑድ የእድራችን ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ አንድ ሐሳብ አመጡ። አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንቶችን ቤት ውስጥ የሚያስታምሙ ሠራተኞች ብዙ ናቸው፤ እድሩ ትንሽ ገንዘብ ያውጣና የ3 ቀን ስልጠና እንስጣቸው፣ እኔ በነጻ አስተምራለሁ አሉ። አንድ ጋሼ ተነሡና «ሽማግሌ ለማጠብ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል? እናቶቻችንን ማን አስተማራቸው?» አሉ። ቤቱ አጨበጨበ። ሐሳቡም ወደቀ።

እስካሁን አልበረደልኝም።

እናቶቻችንን ማንም አላስተማራቸውም፣ እውነት ነው። ወገባቸውንስ አይታችኋል? የእኔ እናት አያቴን 4 ዓመት አስታማ ዛሬ ከመደብ ለመነሣት ግድግዳ ትይዛለች። ማንም ስላላስተማራት ነው እኮ! ይህን ለክርክር የሚያመጣ ሰው የገዛ እናቱን ልብ ብሎ አላያትም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ታማሚ ማንሣቱ ነው። አባቴን ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለ። የምትረዳን ልጅ 50 ኪሎ አትሞላም፣ እሱ 80 ይሆናል። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ልታስነሣው የደከመውን እጁን ይዛ ጎተተችው። ስትሮክ በመታው ክንድ ላይ ትከሻውን አጥብቆ የሚይዘው ጡንቻ ይዝላል፤ ሲጎትቱት መገጣጠሚያው ሊላቀቅ ይችላል። ከዚያ ወዲያ አባቴ ትከሻውን እያመመው ኖረ። ልጅቷ አለቀሰች። የነገራት ሰው ግን አልነበረም፤ እኔም አላውቅም ነበር። በኋላ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት መጥታ አሳየችን። ጋቢ አጥፎ ከሥሩ ማንጠፍና ሁለት ሰው ሆኖ ጋቢውን ግራና ቀኝ ይዞ ወደ ራስጌው መሳብ። ብቻዋን ከሆነች ጉልበቱን አጥፋ፣ ትከሻውንና ዳሌውን ይዛ ወደ ጎን ታንከባልለዋለች፤ እግሩን ከአልጋ ታወርድና ከዚያ ታስቀምጠዋለች። ስታነሣው የምታጥፈው የራሷን ጉልበት ነው፣ ወገቧን አይደለም። ቁስል እንዳይወጣበት በየ2 ሰዓቱ ታገላብጠዋለች። ስታጎርሰው ቀና አድርጋ ነው፣ ተኝቶ የዋጠ ሰው ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ይህን ሁሉ ለማሳየት ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም። የአባቴ ትከሻ የተበላሸው ለዚህች ግማሽ ሰዓት ነው!

ደግሞ የከተማችንን የጎንደርን የውሃ እጥረት ታውቁታላችሁ። ያችው ልጅ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክማ ትመጣና በዚያው ወገቧ ታማሚ ታነሣለች። ሽንት ቤቱን በረኪናና አሲድ ቀላቅላ ስታጥብ መርዝ እየተነፈሰች እንደሆነ ማን ነገራት? ብርድ ሲሆን ደግሞ አባባ ይሙቃቸው ብላ ከሰል ታስገባለች፣ በሩን ዘግታ እዚያው ትተኛለች። ሁለቱም ላይነጋላቸው ይችላል።

መንግሥትም ቢሆን ከእድራችን አይሻልም። በ2008 የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ወደ ውጭ አገር ለሥራ የምትሄድ ልጅ የብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ አዘዘ። የሰው አገር አሮጊት ለማስታመም ወረቀት ያስፈልጋል፣ የእኛን አባት ለማስታመም ግን ምንም! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አውጥቶ ይወስነዋል ብሎ አለፈው። ከዚያ በፊት የነበረውም አዋጅ እንዲሁ ብሎ ነበር።

እድር ለቀብር ነው ያሉትን እረዳለሁ። ግን ለድንኳንና ለወንበር ስናወጣ እጃችን መቼ ያጥራል? ሰው ሲሞት የምናወጣውን ያህል እንኳ ባይሆን፣ በሕይወት እያለ ገላው በደንብ እንዲታጠብ ጥቂት ብናወጣ ምን አለበት?

ከስብሰባው ስንወጣ ደግሞ አንዱ «ከሰለጠነች ደሞዝ ጨምሩልኝ ትላለች» ሲል ሰማሁ። የልባቸው ይህ ነው። ትበል! አባትህን ሌሊት 3 ጊዜ ተነሥታ የምታገላብጥ ልጅ ጭማሪ ብትጠይቅ ምን ይገርማል? አንተ ስንት ሌሊት ተነሥተሃል?

ነርሷ ተስፋ አልቆረጡም፣ አነጋግሬያቸዋለሁ። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ሐሳቡን እንደገና እናነሣለን። ጋቢውን ይዤ እመጣለሁ።