ፊደሉን ከቆጠረ በኋላስ?

ክርክሩ የተጀመረው አንድ ስልጠና ካለቀ በኋላ ነው። የስልጠናው ጉዳይ ተናጋሪያቸው ጥቂት በሆኑ ቋንቋዎች ማንበብና መጻፍን በቴክኖሎጂ ስለማገዝ ነበር። ሌላው ሰው ሲበተን አራታችን ቀረን። አንዱ ሶፍትዌር የሚሠራ ወጣት ነው። አንዱ ዕድሜያቸውን በማስተማር ያሳለፉ አዛውንት ናቸው። ሦስተኛዋ አፏን የፈታችው ከእነዚህ ቋንቋዎች በአንዱ ነው፤ በቋንቋዋ ትጽፋለች፣ ልጆችም ታስተምራለች። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ሳዳምጥ ነበር።

ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ የሠራውን አፕ አሳየን። ፊደል ብቅ ይላል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ልጁ በጣቱ እየተከተለ ይጽፈዋል። ሲሳካለት ኮከብ ያገኛል። እውነት ለመናገር ያምራል። «አሁን የሚቀረኝ ቃሉንና ድምፁን በየቋንቋው መለወጥ ብቻ ነው» አለ።

«ፊደሉን ከቆጠረ በኋላስ ምን ያነባል?» አሉ አዛውንቱ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቁጠር እንጂ!»

«ይቁጠር። የሚያነበው ካጣ ግን መልሶ ይረሳዋል። ስንቱን አይቻለሁ።»

ከዚያ ፔሩን አነሱ። ፔሩ ለእያንዳንዱ ልጅ ላፕቶፕ በሚለው ፕሮግራም ከ800,000 በላይ ላፕቶፖች አከፋፍላለች። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ግን የልጆቹ የሂሳብና የቋንቋ ፈተና ውጤት ላይ የረባ ለውጥ አላገኙም። «ዕቃው ደረሰ። መምህሩንስ ማን አዘጋጀው?» አሉ።

ወጣቱ አልተዋጠለትም። ያኔ ማሽኑን ገዝቶ የሚያድለው መንግሥት ነበር፤ ዛሬ ስልኩ ቀድሞ ወላጅ እጅ ገብቷል አለ። ይህ ትክክል ነው። አዛውንቱም አልካዱትም።

ይኼኔ ሴትዮዋ የራሷን ስልክ አወጣች። «እስቲ የኔን እይ» አለችው። በቋንቋዋ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመረች። ገና ከጥቂት ቃላት በኋላ ቆመች። የምትፈልገው ፊደል ኪቦርዱ ላይ የለም። እሷ በሚቀርበው ፊደል ትተካዋለች። ወንድሟ ጭራሽ ይዘለዋል። የአጎቷ ልጅ ደግሞ በቦታው ቁጥር ያስገባል። አንዱ ቃል ሦስት ዓይነት ሆኖ ይጻፋል፤ በኋላ ሲፈለግም አይገኝም። ቀጠለች። ስፔስ ስትነካ ስልኩ የጻፈችውን ቃል ብዙ ሰው በሚናገረው ቋንቋ ቃል ለወጠባት። አጠፋችው፣ መልሳ ጻፈች፣ አሁንም ለወጠባት። የቀረው ሁሉ በቀይ ተሰምሮበታል።

«ቀኑን ሙሉ ተሳስተሻል ይለኛል» አለች። «ልጆቹም የሚያዩት ይህንኑ ነው።»

እዚህ ላይ ከክርክሩ ትንሽ ወጣ ልበል። ኮምፒውተር አንድን ፊደል የሚያውቀው ፊደሉ ዩኒኮድ በሚባለው መዝገብ ውስጥ የራሱ ቁጥር ሲኖረው ነው። የግዕዝ ፊደል እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚያስፈልጉት ተጨማሪ ፊደላት ግን እስከ 2010 ጠብቀዋል። የጉራጌ ቋንቋዎች ተጨማሪ ፊደላት ጉዳይ እስከ 2021 ድረስ ዘልቋል። ቁጥሩ ከተሰጠም በኋላ ፎንት፣ ማለትም ስክሪን ላይ የሚታየው የፊደሉ ቅርጽ፣ መሠራት አለበት፣ ኪቦርድ መሠራት አለበት፣ ሁለቱም ሰው የያዘው ስልክ ላይ መድረስ አለባቸው። አሮጌ ስልክ ላይ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ይህን ጣጣ ረስተነዋል። ለሌሎች ግን ገና የዛሬ ችግር ነው።

ሴትዮዋ አድላም የሚባለውን ፊደል ታሪክ ነገረችን። ጊኒ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች ገና በልጅነታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ለፉላ ቋንቋቸው አዲስ ፊደል ፈጠሩ። መጽሐፍ በእጃቸው እየጻፉ እየገለበጡ አሰራጩ። የተማረውን ሰው ሌሎችን እንዲያስተምር ይጠይቁት ነበር። ፊደሉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ2016 ነው።

«ስለዚህ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም እያልሽ ነው?» አላት ወጣቱ።

«አላልኩም። ዩኒኮድ ለመግባት እኮ ዓመታት ለፍተዋል። በእጅ የተገለበጠ መጽሐፍ የት ይደርሳል? እኔ የምልህ፣ ስልኩ ሲደርስ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ ነው።»

ወጣቱ በሌላ በኩል መጣ። «እሺ፣ መጻፉ ይህን ያህል ካስቸገረ ለምን እንታገላለን? ሰው ቮይስ ይላላካል። ሽማግሌው ያወራል፣ ልጁ ይሰማል። ቋንቋው አልሞተም።»

አዛውንቱ ተቆጡ። «የመድኃኒት አወሳሰድ በቮይስ ነው? ውልስ? ሌላው አንብቦ ይፈርም፣ የእሷ ልጆች ሰው ያነበበላቸውን አምነው ይፈርሙ ነው የምትለኝ?»

እሷ ግን አልተቆጣችም። ይልቅ በድምፅ ነው የምጀምረው አለች። ተረት የሚያውቁ ሰው ትቀዳለች። ከዚያ ወጣቶች ሰብስባ ቅጂውን እያቆሙ እየመለሱ ይጽፉታል። ብሉም የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ ያሠራው ኤስአይኤል የተባለው የቋንቋ ድርጅት ነው። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሥዕል ታስገባለህ፣ ከሥሩ ትጽፋለህ፣ ድምፅ ትጨምርበታለህ። ድምፁ ሲሄድ የሚነበበው ክፍል እየቀለመ ይከተላል። ልጁ በጆሮው የሚያውቀውን ተረት በዓይኑ ያገኘዋል።

ቀልቤን የሳበው ግን ቀጥሎ ያለችው ነው። ወጣቶቹ ሲጽፉ ይጣላሉ። የአንዱ መንደር ልጅ ቃሉን ያረዝማል፣ የሌላው ያሳጥራል። እዚህ ጋ ይለያይ፣ አይ ይጣበቅ ይባባላሉ። ሽማግሌዎች ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ። አንዳንዱን ተስማምተዋል፣ አንዳንዱን ሁለቱንም ትተውታል። የትኛውም አፕ ይህን ጭቅጭቅ ሊጨርስላቸው አይችልም። ሲጨቃጨቁ ደግሞ ሳያውቁት አንባቢም ጸሐፊም ሆነው ቁጭ ይላሉ።

ወጣቱ የመጨረሻውን ካርድ መዘዘ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። መቶ የልጆች መጽሐፍ በአንድ ሌሊት ተርጉሞ ያወጣልሻል አላት። ይህን ጊዜ እኔም ገባሁበት። ስኮትስ በሚባለው የስኮትላንድ ቋንቋ የተዘጋጀውን ውክፔዲያ አነሳሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ሺህ ጽሑፎቹ ቋንቋውን በማይችል አንድ አሜሪካዊ ወጣት የተጻፉ ሆነው ተገኙ። ተንኮል አልነበረውም። ግን ትንሽ ቋንቋ ኢንተርኔት ላይ ያለው ጽሑፍ ትንሽ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊያበላሸው ይችላል። ማሽኑ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ካገኘው ነው የሚማረው። የተበላሸውን ተምሮ አባዝቶ ይመልሰዋል፤ ልጁም ትክክል መስሎት ያነበዋል። የሚያርም ሰው ከሌለ መቶ መጽሐፍ መቶ ስህተት ነው።

እኔ ከማን ጋር ነኝ? ከእሷ ጋር። አዛውንቱ ስለ መምህሩ ያሉት እውነት ነው፤ የወጣቱ አፕም አይጣልም፣ ተራው ሲደርስ ይጠቅማል። ግን አንድ ፕሮጀክት ሲመዘን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ በዚያ ቋንቋ ስንት ሰው ይጽፋል የሚለው ይመስለኛል። በጀቱ አፑ ላይ ያልቃል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ስልኩ አፕዴት ሲደረግ አፑ አልከፍት ይላል፣ የሠራውም ሰው ሌላ ሥራ ይዟል። ተረቱን ቀድታ፣ ጽፋ፣ አርማ ያዘጋጀችው ሴት ግን ብዙውን ጊዜ የሚከፈላት የለም፤ በጎ ፈቃደኛ ትባላለች። ይህ ያንገበግበኛል። የሚጽፉትና የሚያርሙት ይከፈላቸው። ፋይሎቹም የትም የሚከፈቱ፣ ማንም ገልብጦ ሊያባዛቸው የሚችል ሆነው በማኅበረሰቡ እጅ ይቀመጡ።

ወጣቱ ችሎታ አለው። ከአፑ በፊት የእሷን ኪቦርድ ይሥራላት። ኪይማን የሚባለው ነፃ መሣሪያ ለዚሁ የተዘጋጀ ስለሆነ ከባዶ አይጀምርም። አብሯት ተቀምጦ የጎደሉትን ፊደላት አንድ በአንድ ይጠይቃት፤ የቃላት ዝርዝሯንም ያስገባላት፣ ኪቦርዱ የእሷኑ ቃል እንዲጠቁማት።