ማስተካከያ፦ ያ ስንኝ የኪትስ አይደለም

ባለፈው ሳምንት መጸው (በአውሮፓ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት) በእንግሊዝ ሮማንቲክ ገጣሚዎች፣ ማለትም ተፈጥሮንና ስሜትን ባስቀደሙት ገጣሚዎች ዘንድ የሕይወት ለውጥ ምልክት ስለመሆኑ ጽፌ ነበር። ሁለት ስህተት አለበት።

አንደኛው ከባድ ነው። «ክረምት ከመጣ፣ ጸደይ ሩቅ ሊሆን ይችላል?» የሚለውን ስንኝ ለጆን ኪትስ ሰጥቼዋለሁ። የፐርሲ ሼሊ ነው። «ለምዕራቡ ነፋስ» የሚለው ግጥሙ መዝጊያ ሲሆን፣ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1819 ፍሎረንስ ሳለ ነው። ቢጫ፣ ጥቁርና ቀይ ሆነው የሚበተኑት የሞቱ ቅጠሎችም የእሱ ናቸው። ነፋሱን፣ የሞቱ ሐሳቦቼን እንደ ደረቀ ቅጠል በትንልኝ፣ አዲስ ነገር ይወለድባቸው ይለዋል።

ኪትስ «ለመጸው» ባለው ግጥም ውስጥ ግን አንድም የሚረግፍ ቅጠል የለም! ደግሜ ሳነበው እኔም ገረመኝ። ያለው የበሰለ ፖም፣ ንብ፣ የታጨደ ማሳ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሰማይ ላይ የሚሰባሰቡ ወፎች ናቸው። ማለፍን የሚነግረን በእነሱ ነው፤ ሞት የሚለውን ቃል እንኳ ለቀኑ ማምሸትና ለነፋሱ ጸጥ ማለት ብቻ ነው ያዋለው።

ሁለተኛው፣ ግጥሙን «ሮም ውስጥ በሞት አልጋው ላይ ጻፈው» ማለቴ ነው። የጻፈው መስከረም 19 ቀን 1819፣ እንግሊዝ ዊንቸስተር ውስጥ፣ በእግሩ ሲንሸራሸር ካየው ማሳ ተነስቶ ነው። ሮም ላይ በሳንባ ነቀርሳ የሞተው በየካቲት 1821፣ በ25 ዓመቱ ነው። (ቀኖቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

«መጸው ስትል አደይ አበባ ታየኝ» ላላችሁኝ፦ ልክ ናችሁ። የእኛ መስከረም ያብባል፣ የእነሱ ይበስልና ይሸኛል።